ላት የሌለው መንጋ

ካኒሻይ መጀመሪያ ልብ ያለችው እጃቸውን ነው። አማቷ፣ የባሏ እናት ሰይልካን፣ በአትባሺ የእሁድ ከብት ገበያ መሀል ቆመው፣ አንዲት ዶሮ በግራ ብብታቸው ሸጉጠው፣ ቀኝ እጃቸውን ከላባው ሥር ወደ ኋላዋ ሰደው ይዳስሱ ነበር። ጣቶቻቸው ምን እንደሚፈልጉ ካኒሻይ ወዲያው ገባት። ላት ይፈልጋሉ። ዕድሜ ልካቸውን በግ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ጣቶች፣ የትኛውንም እንስሳ ቢይዙ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ ነው፤ ላቱ ከሞላ እንስሳው የበረዶውን ወራት ይሻገራል፣ ካልሞላ ለሌላ ገዢ ይተዉታል።

ዶሮ ሻጩ ከደቡብ የመጣ ኡዝቤክ ነበር። ቅርጫቶቹን ትቶ እጃቸውን ተመለከተ።

«እናቴ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አላቸው በመጨረሻ።

«ከስታለች።»

«ዶሮ ናት እኮ።»

«ዶሮ መሆኗንማ አይቻለሁ። የከሳች ዶሮ ናት ነው የምልህ።»

ሰውየው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ቅርጫቶቹ ጎንበስ አለ። ሰይልካን ስድስት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ እስኪመርጡ ድረስ ግማሽ ቀን ሄደ። ሁሉንም ዳሰሱ፣ ሁሉንም በመዳፋቸው መዘኑ። የአንዷን አፍ ፈልቅቀው ጥርሷን ሊያዩ ሲሉ ግን ካኒሻይ ክንዳቸውን ቀስ ብላ ያዘች። ዕድሜዋን ሊያውቁ እንደነበር ነገሯት፤ ቢሆንም አልገፉበትም። ሰባቱን በሱፍ ጆንያ ከተው፣ ጆንያውን ጭናቸው ላይ አድርገው በጋራ ታክሲ ወደ ሸለቆው ተመለሱ። ጆንያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደሚነጫነጭ ሕፃን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከጉልበታቸው ነው። ባለፈው መስከረም ከተራራው ግጦሽ ሲወርዱ ፈረሳቸው ወንዝ ውስጥ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። ሰይልካን በሕይወታቸው አንድም ግንቦት በቤታቸው ጨርሰው አያውቁም። በየዓመቱ ሣሩ ከላይ ሲያጎነቁል መንጋው ይነዳል፣ የሱፍ ድንኳኑ በጭነት መኪና ይጫናል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ለአራት ወር ወደ ላይ ይወጣል። መኪናው የሚደርሰው ግን እስከ ተራራው መሻገሪያ ግርጌ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ፈረስ ካልሆነ የሚወጣው የለም። ሰይልካን ደግሞ ፈረስ ላይ መውጣት አቅቷቸዋል።

ልጃቸው ሳማት፣ የካኒሻይ ባል፣ ጉዳዩን ለብቻው ቆርጦ ጨርሶት ነበር። እናቱ ናሪን ከተማ እህቱ ጉልባራ ዘንድ ይሆናሉ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሙቅ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፣ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው። ሰይልካን ለጉልበታቸው ሕክምና እዚያው ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆይተው መጥተዋል። ስለዚያ ጊዜ የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመስኮቱ ቁልቁል ሲያዩ የሰው ፊት አይታይም፣ የሚታየው አናቱ ነው። «እኔ ሰውን በአናቱ የምለይ ቁራ አይደለሁም» ይላሉ።

ሳማት ክፉ ልጅ አይደለም። የሚፈራው ባዶ ቤት ነው። እንኳን ሰው፣ ላሟ ትወጣለች፣ ውሻው ይወጣል፣ ድመቷ ሳትቀር በኮርቻ ከረጢት ተጭና ትወጣለች። የሚሠራው ሥራ የሌለው ሽማግሌ ባዶ ግድግዳ ሲያይ ውሎ አንድ ቀን ተቀምጦ ይቀራል፤ ሳማት ይህን በሌላ ቤት አይቷል። ሰይልካን ይህን ፍርሃት አልናቁትም። ሦስት ቀን አሰቡበትና በአራተኛው፣ ሻይ በወተታቸውን እያማሰሉ፣ ወደ ተራራ የማይወጣ እንስሳ እንዳለ ለልጃቸው ነገሩት። ዶሮ።

ሳማት ጽዋውን አስቀመጠ። «በእኛ ቤት? እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ አባቶቼን በስም ቆጥሬ አውቃለሁ። ከሰባቱ አንዱ ዶሮ አርብቶ ከሆነ ስሙን ይጥሩልኝ።»

«ከአሁን በኋላ የሚመጣው ልጅ እኔን ይጥራ።»

ሳማት ቃል አስገባቸው። የጭነት መኪናው በሚመጣበት ቀን ሰባቱም ዶሮዎች በሕይወት ካሉ፣ እንቁላልም ጥለው ከተገኙ፣ እናቱ እዚሁ ቤታቸው ይቆያሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት አዛውንት ባልና ሚስትም ስለማይወጡ ብቅ እያሉ ያዩዋቸዋል። አንዱ ከጎደለ ግን ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አራተኛ ፎቅ ይሄዳሉ፤ ክርክር የለም። ሰይልካን እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን መዳፍ እንደ ገበያ ሰው መቱት። የሚያዝያ መጨረሻ ነበር። ለመኪናው የቀረው አንድ ወር አይሞላም።

የዶሮዎቹ ቤት ከገበያው አንድ ሳምንት ቀድሞ ተሠርቷል። ሳማት እየቀለደ ጡብ ተሸከመ፣ ካኒሻይ ጭቃ አቦካች፣ ሰይልካን በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው በበትራቸው እያመለከቱ አሠሩ። ግድግዳው እስከ ወገብ ነው፤ እረኛ ቆሞ መንጋውን እንዲያይበት። ወለሉ ላይ ለአዲስ ጠቦቶች እንደሚደረገው የደረቀና የደቀቀ ፋንድያ በስንዝር ውፍረት ተነጠፈ። በአንድ ጥግ ለእንቁላል መጣያ የሚሆኑ ሁለት ጭድ የሞላባቸው ቅርጫቶች ተቀመጡ። መሀሉ ላይ፣ ከአንድ እንጨት፣ የሚላስ የጨው ድንጋይ ተንጠለጠለ። ካኒሻይ ሥራው ሲያልቅ ቆማ አየችውና በጣም ወደደችው። እውነትም የሚያምር ጉረኖ ነበር። ዶሮ የሚተኛበት ቆጥ የሚባል ነገር እንዳለ በቤቱ የሚያውቅ አልነበረም፤ በሸለቆው ካሉት አሥራ አራት ቤቶችም ዶሮ ያለው አንድ ስለሌለ የሚጠየቅ ሰው አልተገኘም።

ዶሮዎቹ በገቡ ማግስት ሰይልካን የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ አስመጡ። የዚህ ቤት በጎች ምልክት በዳሌያቸው ላይ የሚሰመር ቀይ መስመር ነው፤ ከተራራ ላይ መንጋ ከመንጋ ቢደባለቅ በእሱ ይለያል። ካኒሻይ በአካባቢው ሌላ ዶሮ እንደሌለ ልታስታውሳቸው ሞከረች። ሰይልካን ምልክት የሌለው እንስሳ ባለቤት የሌለው እንስሳ ነው ብለው ብሩሹን ነከሩ። አንድ በአንድ፣ ከጅራቱ በላይ፣ ጣት የሚያህል ቀይ መስመር ሰባቱም ላይ ተሰመረ። ነጯ ዶሮ ላይ እንደ አበባ ደመቀ።

በበነጋው ካኒሻይ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የሰማችው ድምፅ የዶሮ አይመስልም ነበር። በግድግዳው ላይ ጎንበስ ብላ አየች። አምስቱ ነጯን ጥግ አስይዘው ቀዩን ይነቅሏታል። ቀለሙን ሲነቅሉ ቆዳዋ ደማ፤ ደሙ ደግሞ ከቀለሙ የበለጠ ቀይ ሆነባቸውና አበዱ። አውራው ዶሮ ራሱ የሌላኛዋን ጀርባ ይወጋ ነበር። ካኒሻይ ቀሚሷን ሰብስባ ግድግዳውን ዘለለችና ነጯን አቅፋ ወጣች።

ሰይልካን የሌሎቹን ቀለም በአመድና በሞቀ ውሃ ለማጠብ ሞከሩ፤ አልለቀቀም። ከምድጃው ጥላሸት ጠርገው፣ በስብ አሽተው፣ በእያንዳንዱ ቀይ መስመር ላይ ጥቁር ቀቡበት። ከዚያ ነጯን ወደ ቤት አስገቡና ከምድጃው ኋላ በእንጨት ሣጥን አስቀመጧት። ቁስሏ ላይ የቀለጠ የበግ ላት ከአመድ ጋር ለውሰው አደረጉላት፤ ተኩላ የጨረፈውን ጠቦት እንደሚያክሙት። ካኒሻይ ሻማ የምትይዝላቸው ይመስል አጠገባቸው ተንበርክካ አየቻቸው። እነዚያ ጣቶች በገበያ ላይ ሲፈልጉት ያጡትን ላት አሁን ራሳቸው አምጥተው ለዶሮዋ ሰጧት።

ሳማት ማታ ለራት ሲቀመጥ ከምድጃው ኋላ ሁለት ዓይኖች ያዩታል።

«ይቺ ደግሞ እንግዳ ናት?»

«አዎ» አሉ እናቱ። «ካንተ ይልቅ ጸጥ ብላ ትበላለች።»

ሳቀ፤ ግን ሣጥኑን ደግሞ ደጋግሞ ሲያየው ካኒሻይ ምን እያሰበ እንደሆነ አውቃለች። ሰባቱ ስድስት ከሆኑ ነገሩ አለቀ።

ነጯ በሦስተኛው ቀን መብላት ጀመረች። የሌሎቹ ነገር ግን ካኒሻይን አሳሰባት። ግንቦት ገብቶም ሰማዩ አልራራም ነበር፤ ዝናብ ከውሽንፍር ጋር ይወርዳል፣ አንድ ሌሊት በረዶም ጥሎ አደረ። የተነጠፈው ፋንድያ ረጠበ። ዶሮዎቹ ላባቸውን ነፍተው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ጥግ ላይ ተከምረው ያድራሉ። ቀን ቀን በግቢው ይጭራሉ፣ ዕቃ ቤቱን ይዞራሉ፣ ሲመሽ ሰይልካን በበትራቸው እንደ በግ ነድተው ያስገቧቸዋል። ቅርጫቶቹ ውስጥ ያለው ጭድ እንደተነጠፈ አለ። የጨው ድንጋዩንም የላሰው የለም።

ለመኪናው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ፀሐይ ከሸንተረሩ ልትጠልቅ ስትል፣ በጎቹ ከግጦሽ ገቡ። ሰይልካን ዶሮዎቹን ገና እንዳስገቧቸው ነበር። ካኒሻይ የላሟን ጡት ይዛ ቀና ስትል አውራው ዶሮ የጉረኖውን ግድግዳ በአንድ ዝላይ ሲሻገር አየች። ቀጥሎ ቡላዋ ዶሮ ተሻገረች። ከዚያ አራቱ። በጎቹ መሀል ገቡና አውራው ዶሮ በትልቁ ሙክት ጀርባ ላይ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ እግሩን አመቻቸ፣ ተቀመጠ። ሴቶቹም ለየራሳቸው በግ መረጡ። በጎቹ ያመሰኳሉ። ዶሮዎቹ በእነሱ ላይ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የመጨረሻው ብርሃን ሁሉንም በአንድ ላይ ወርቅ ቀባቸው፤ ካኒሻይ ወተቱን ረስታ ቆመች። የታዘዘውን ሳይሆን ራሱ የፈለገውን የሚያደርግ እንስሳ እንዲህ ያምራል ብላ አስባ አታውቅም።

«እማማ፣ ይምጡ እስኪ» አለች።

ሰይልካን እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። በበትራቸው ተደግፈው ብዙ አዩ። አውራው ዶሮ በሙክቱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ካኒሻይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እነዚህ በጎች አይደሉም።»

ካኒሻይ ልትስቅ አልደፈረችም። ሰይልካን ይህን ያሉት የሆነ ነገር በጉልበታቸው ውስጥ ሲሰበር እንደሰማ ሰው ነበር። ግን ፊታቸው ላይ ኀዘን የለም። ወዲያው ዞሩና የዶሮ መኝታ ከፍ ያለ ቦታ መሆኑን፣ መሬት ላይ ያስተኟቸው ራሳቸው መሆናቸውን፣ ቅዝቃዜና እርጥበት እንዲህ ያለውን እንስሳ መጣልም እንደሚያስረሳው አከታትለው ተናገሩ። ድምፃቸው ፈረስ ሲያሠለጥኑ የነበረበት ድምፅ ነበር።

በቤቱ ጣራ ክፈፍ ሥር አንድ ረጅም ዘንግ ከስድስት ዓመት ጀምሮ ተሰቅሎ ነበር። የሰይልካን ሟች ባል ዱር የለመዱ ፈረሶችን እየጋለቡ ያጠምዱበት የነበረ፣ ጫፉ ላይ የቆዳ ማነቂያ ያለው የበርች እንጨት ነው። ካኒሻይ የእኚህን ሰው ስም ጠርታ አታውቅም፤ ምራት የባሏን አባት በስሙ አትጠራም። ዘንጉንም ነክታው አታውቅም። ሳማት ራሱ ፈረስ የሚይዘው በጨው ባልዲ እያባበለ ነው፤ ዘንጉን አውርዶ አያውቅም። ሰይልካን በማግስቱ ጠዋት ባልዲ ላይ ቆመው ዘንጉን በገዛ እጃቸው አወረዱት። ማነቂያውን ፈተው ምስማር ላይ ሰቀሉት። ከዚያ መጋዝ ጠየቁ።

ሳማት መጋዙን ይዞ መጣ፤ ግን አልሰጣቸውም።

«ሌላ እንጨት አጥተን ነው?»

«ይሄ በሁለት መዳፍ ለዓመታት ተጨብጦ ለስልሷል። እግራቸውን አይወጋቸውም።»

«የአባቴ ነው፣ እማዬ።»

«አባትህ የሚይዘውን ፈረስ ሁሉ ይዞበታል። ስጠኝ።»

ልጁ መጋዙን ሳይሰጣቸው ራሱ ተንበርክኮ ዘንጉን ከመሀል ለሁለት ቆረጠው። ከጡቡ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ ከቋሚ ወደ ቋሚ አጋደመላቸው፤ በአሮጌ ቆርቆሮም ጣራ አበጀለት። ምስማሩንም እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ መታው። በዚያ ምሽት ስድስቱ ያለ በትር ገቡ፣ ያለ በትር ወጡበት። አምስት ቀን ቆይታ ነጯም ተመለሰች። ሰይልካን ሁለቱን የጨው ድንጋዮች፣ አንዱን ለሙከራ የጨመሩትን ጭምር፣ ወደ በጎቹ በረት መለሱ።

እንቁላል ግን የለም። ዶሮዎቹ ዓይናቸው ጠርቷል፣ ላባቸው ተኝቷል፣ ጠዋት ጠዋት አንዷ ደስ ብሏት ታስካካለች፤ ቅርጫቱ ባዶ ነው። መኪናው ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀር ካኒሻይ አትባሺ ለዱቄት ወርዳ አንድ እንቁላል ገዛች። ጠዋት ማንም ሳይነሳ ጭዱ ውስጥ አስቀመጠችው። ቁርስ ላይ ሰይልካን እንቁላሉን በመዳፋቸው ይዘው ገቡ። ሳማት ገና በጎቹ ጋ ነበር። አገላበጡት። በጉንጫቸው ነኩት።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ። «ታጥቧልም።»

ካኒሻይ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ልጄ፣ የሰው ጠቦት በመንጋዬ ቆጥሬ አላውቅም። ጥብሺው፣ ይበላ። እኔ ግን የራሴን እጠብቃለሁ።» ከዚያ በእጃቸው ጀርባ ጉንጯን ዳሰሱና ወጡ። ካኒሻይ እንቁላሉን ጠበሰችው፤ ሳማት ከየት መጣ ሳይል በላው።

መኪናው ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጣ። የሰይልካን ቡናማ ሻንጣ በበሩ አጠገብ ነው፤ ሳማት ቀደም ባለው ቀን አሽጎታል። ሰባቱም ዶሮዎች በግቢው ይጭራሉ። ሳማት ሲያልፍ ቆጠራቸው፣ ቅርጫቶቹንም አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የከፋው ሰው እንደሚያደርገው ዕቃ ማጋዝ ያዘ። ሰይልካን ደግሞ በር ላይ ተቀምጠው የፈረስ ልጓም ሰፉ። ተሸንፈው ከሆነ ካኒሻይ ከፊታቸው ልታነበው አልቻለችም።

የድንኳኑ ምሰሶዎች ተጫኑ። ሣጥኖቹ ተጫኑ። በመጨረሻ የድንኳኑ ወፍራም የሱፍ ልባሶች ቀሩ፤ ከበረዶው ወራት ጀምሮ በዕቃ ቤት ጥግ ተጠቅልለው የተጋደሙ። ሳማትና ሾፌሩ የመጀመሪያውን ጥቅል ሊያነሱ ከሁለቱ ጫፍ ያዙ። ሳማት እጁን በጥቅሉ አፍ ውስጥ ክርኑ ድረስ ሰደደና ሽቅብ ሲስበው ፊቱ ተለወጠ። ቆመ። እጁን ቀስ ብሎ አወጣው። ከጣቶቹ መሀል ቢጫ ነገር ይንጠባጠብ ነበር።

ሰይልካን ልጓሙን አስቀምጠው ተነሱ።

«ቀስ በል» አሉት። «የሰው ንብረት ነው።»

ጥቅሉን ግቢው መሀል አውጥተው ፈቱት። በሱፉ እጥፋት ውስጥ፣ በሚሞቀው፣ በጨለማው፣ በራሳቸው ላባ በተነጠፈ ጎድጓዳ ውስጥ አሥራ አራት እንቁላል ነበር፤ ሁለቱን የሳማት ክርን ጨፍልቋቸዋል። ካኒሻይ ተንበርክካ አንዱን አነሳች። ሞቃት ነው። ጠዋት የተጣለ ነው። ለጉንጯ አስጠጋችው፤ ምን ያህል ቀን እነዚያ ባዶ ቅርጫቶች ዘንድ ስትመላለስ፣ ከአጠገቧ በዚህ ሱፍ ውስጥ ስንት ጠዋት እንዳለፈ እያሰበች አፏን ይዛ ቀረች።

ሳማት እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ፤ ሾፌሩም አብሮት ሳቀ።

«ቅርጫት ተዘጋጅቶላቸው» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ፣ «ድንኳን ውስጥ ገብተው።»

«በሱፍ ድንኳን የተወለደ የእኛ ዘር ነው» አሉ እናቱ። «አሁን ስሜን የሚቆጥር ልጅ ሲመጣ፣ ከዚህ ጀምር በለው።»

ሻንጣውን ማንም ሳያዘው ሳማት ራሱ አንስቶ ወደ ቤት መለሰው። ሲወጣ እናቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ዳር ዳሩ ከሳሳው አሮጌ ልባስ ቁራጭ እንዲቀርላቸው። ዶሮዎቹ የለመዱት እሱን ነው፤ ተራራው ላይ ነፋስ አይከለክልም፣ እዚህ ግን ያገለግላል። ሳማት ሳይከራከር ቆርጦ ሰጣቸው።

ለስንብት ብዙ ቃል አልባከነም። ሰይልካን ለካኒሻይ ባዝራዋን ፈረስ ለወተቷ በቀን ስድስት ጊዜ እንድታልባት፣ ጉልባራ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዱቄት እንደምታመጣላቸው፣ ከማዶ ያሉት አዛውንት እንቁላል ይወዱ እንደሆነም እንደሚጠይቁ ነገሯት። ካኒሻይ አንገታቸውን አቀፈች። ላትና ጥላሸት ይሸታሉ።

መኪናው ሞተሩን አስነሳ። ካኒሻይ ከላይ ከጭነቱ ጫፍ ተቀምጣ ቁልቁል አየቻቸው፤ አናታቸውን ሳይሆን ፊታቸውን፣ ምክንያቱም ቀና ብለው ያዩዋት ነበር። ከዚያ መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ሱፉን በብብታቸው ሸጉጠዋል፣ እንቁላሎቹን በሻሻቸው ቋጥረዋል። ነጯ ዶሮ ከኋላቸው ተከተለች፣ ከዚያ ቡላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ሰይልካን አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በትራቸውን ባልዲው አጠገብ ረስተው፣ ወደ ጉረኖው ሄዱ።